በሀብተ ሥላሴ ቁመት ልክ

አደይ ገብረ መስቀል ስትቆጣ የአፍንጫዋ ጫፍ ይቀላል። ይህን የባሕር ዳር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ አፍንጫዋ የቀላ ቀን እሳት ሊጭር የሚመጣ ሰው እንኳን ደጁ ላይ ደርሶ ይመለሳል። በ1931 ዓመተ ምሕረት፣ በነቢያት ጾም፣ ያ አፍንጫ ቀልቶ ሰነበተ። ኧረ ቢቀላስ ማን ይፈርድባታል!

ጣሊያን ለጦር ሰፈሬ ቦታ አነሰኝ ብሎ ከሐይቁ ዳር ያሉትን ቤቶች ያፈረሰው በዚያ ሰሞን ነው። የእማማ ወለተ ኪዳን ጎጆም አብራ ሄደች። ሶላቶ የሚባሉት ወታደሮቹ ክዳኑን ገፈው፣ ግድግዳውን ገፍተው ጥለው፣ የበሩን መቃን ሳይቀር ለማገዶ ተሸክመውት ሄዱ። እማማ ለቤታቸው አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሱም። ያለቀሱት ለመቃኑ ነው።

መቃኑ ላይ የአንድ ልጃቸው የሀብተ ሥላሴ ቁመት በቢላ ተቀርጾ ነበር። ሀብተ ሥላሴ በ1928 ከጎጃም ጦር ጋር ሽሬ ሊዘምት ሲነሣ እናቱ በሩ ላይ አቁመው ለኩት፤ «ልጄ በሕይወት እስኪመለስልኝ በየዓመቱ ለልደት በዓል በቁመቱ ልክ ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን አስገባለሁ» ብለውም ተሳሉ። ሀብተ ሥላሴ አልተመለሰም። ሞተ ያለም የለም። ጧፉ ግን ሁለት ልደት ተከታትሎ ተሠርቶ ገባ።

የሚሠራው ማን ሆነና? አደይ ናት። የሀብተ ሥላሴ እጮኛ ነበረች። እጮኛዋን ያየችው አንድ ቀን፣ ያውም በሽማግሌዎች ትከሻ መካከል አጮልቃ ነው፤ ዓይኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ብትጠየቅ መልስ የላትም። አባቷ መሪጌታ ገብረ መስቀል ግን ቃል ሰጥተዋል። «ዘምቶ የቀረን ሰው እጮኛው ከዳችው ከሚባል እኔ ብሞት ይሻለኛል» ይላሉ። ስለዚህ የሃያ ሁለት ዓመቷ አደይ ለእማማ ወለተ ኪዳን ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ታኅሣሥ ሲመጣ ደግሞ ሰም ታቀልጣለች። እኩዮቿ ሁለት ሁለት ልጅ ወልደዋል።

ይህን ሁሉ ምናልባት ትችለው ነበር፣ ሣህሉ የሚባል ሰው ባይኖር።

ሣህሉ የቆላ ድባ ልጅ ነው። ከደንቢያ እህል፣ ከዘጌ ሰም በታንኳ እየጫነ ባሕር ዳር ያመጣል። መጀመሪያ የተገናኙት ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ እዚያው ሐይቁ ዳር፣ በጥል ነው። አደይ እንደ ወጉ ከሰሙ ቁራሽ ቆርሳ አኘከችና እግሩ ሥር ተፋችው።

«ይሄ ሞራ አለበት!»

«ንጹሕ የዘጌ ሰም ነው እቴ።»

«በጾም ሞራ አስነክሰኸኝ ደግሞ ልትከራከረኝ ነው?»

ሣህሉ አልተቆጣም። ከዚያው ሰም ላይ ቆርሶ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ረጋ ብሎ አኘከ። ከዚያ መዳፉ ላይ ተፍቶ አሳያት።

«ሞራ ቢኖርበት ያሟልጭ ነበር። ይኸው ተፈረፈረ። አንቺ ተቆጥተሽ ነው ያኘክሽው።»

ልክ ነበር። አደይ ደግሞ ልክ ነህ ማለት ከአፏ አይወጣም። ያን ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ በማግስቱ ተመልሳ ያለውን ሰም ሁሉ ገዛችው። ከዚያ ወዲህ ሣህሉ ባሕር ዳር በመጣ ቁጥር የሷን ሰም ለብቻው በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ያስቀምጣል። እሷም ውሃ ልትቀዳ የምትወርደው ታንኳው በሚደርስበት ሰዓት ሆነ። ምንም አልተባባሉም። ለሌላ የታጨች ልጅ ምን ትባላለች? ብቻ ሰሙን ሲያቀብላት ሁለቱም እጃቸውን ለመሰብሰብ ይዘገያሉ።

አንድ ቀን ግን ጠየቀችው። «ሽሬ ዘምተህ ነበር ይላሉ። ሀብተ ሥላሴ የሚባል የባሕር ዳር ልጅ አላየህም?»

ሣህሉ ጎንበስ ብሎ ገመድ ማሰር ጀመረ። «ሰዉ ብዙ ነበር» አለ። አደይም ገመዱ ያስቸገረው መሰላት።

አሁን ወደ ታኅሣሡ እንመለስ። ቤታቸው የፈረሰባቸው እማማ ወለተ ኪዳን ከነአንዲት ሣጥናቸው መሪጌታ ግቢ ገብተዋል። አደይ ሰፈፉን፣ ያልተጣራውን ሰም፣ በውሃ አፍልታ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ሰሙን አርግታ ጨርሳለች። የቁመቱ መለኪያ ግን የለም።

«መቃኑን ጣሊያን ይንደድበትና፣ አሁን በምን ልለካ ነው?» አለች አደይ።

እማማ አሰቡ። «ያ ባለ ታንኳው ልጅ የሱን ቁመት ያህላል» አሉ። «ጭነቱን ይዞ ሲመጣ አቁሚውና ለኪው።»

ሣህሉ ከቀትር በፊት መጣ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ አልሆንም እማማ። ሌላ ሰው ይፈለግ» አለ።

«ምን አለበት? ቁም ስልህ ቁም!» አሉት። ዓይናቸውንም አፈጠጡበት።

ሣህሉ ቆመ። አደይ የክሩን ጫፍ በተረከዙ ሥር አስረገጠችውና ወደ ላይ ሳበች። ይህን ያህል ተጠግታው አታውቅም። ትከሻው ጋ ስትደርስ ክሩን ወጥራ ያዘችው። እሱም ትንፋሹን ይዞ ከአጥሩ ባሻገር ያያል። አናቱ ላይ ለመድረስ በእግር ጣቶቿ ቆመች።

«እዚህ ድረስ?» አለች።

«ዝቅ አድርጊው» አለ ሣህሉ፤ እህል ሲሰፍር ልክ መጠበቅ ለምዶ፣ ሳያስበው ከአፉ አምልጦት። «እስከ ቅንድቤ ነው።»

አደይ ክሩን እንደያዘች ቀረች።

«ማነው እስከ ቅንድብህ?»

ሣህሉ ያለውን የሰማው ገና አሁን ነው።

«ሣህሉ! ሀብተ ሥላሴን ስጠይቅህ ሰዉ ብዙ ነበር አላልኸኝም ወይ? ቁመቱን በምን አወቅኸው?»

«ልጄ፣ ተይው፣ ክሩን ቁረጪና…» ብለው ጀመሩ እማማ።

«እማማ፣ እርስዎን አልጠየቅሁም!» በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብላቸው አታውቅም። «ንገረኝ አልሁህ!»

«መስቀል መትቼ ምያለሁ። አትጠይቂኝ» አለ ሣህሉ።

«ለማን ነው የማልኸው?»

መልሱን ከሱ አላገኘችም። ያገኘችው ዘወር ስትል ነው፤ እማማ ወለተ ኪዳን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስረዋል። አደይ ሁሉም ነገር ገባት። ልጁ ሞቷል። እናቱ ያውቃሉ። ይሄም ያውቃል። ሁለቱም እያወቁ እሷን ለሙት ሰው በሕያው ስም ጧፍ ያስጠቀልሏታል።

ክሩን በቅንድቡ ልክ ይዛ በጥርሷ በጠሰችው።

አባቷ ከቅኔ ቤት እስኪመለሱ ደጅ ተቀምጣ ጠበቀች። መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ሰሟት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቃል የሚባል ነገር አስሯቸው ነው።

«ምስክር አለሽ?»

«ሣህሉ ነዋ! ግን እማማ አስምለውታል።»

«እንግዲያው ያስማለችው ትፍታው፣ እሱም ይናገር። በግምት ሰው አይቀበርም ልጄ። ልደት ጠዋት ያ ጧፍ በሕያው ስም ከገባ ቃሌ ቃል ነው፤ ትጠብቂዋለሽ።»

«እስከ መቼ?»

መሪጌታ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። ሣህሉ ባዶ ጆንያ ያጥፋል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ዓመት ሙሉ ዓይኔን እያየህ ሰም አቀበልኸኝ! አንድ ቃል ከአፍህ አይወጣም?»

«መርዶውን ይዤ ወደ እማማ የመጣሁ ቀን አንቺን አላውቅሽም ነበር። አፌን እንኳን ሳልከፍት ፊቴን አይተው አወቁ። መስቀል አስመትተው አስማሉኝ። እናት ናቸው፤ ምን ላድርግ? ማልሁ።»

«ካወቅኸኝ በኋላስ?»

«በኋላማ ባሰ።» ሣህሉ ጆንያውን ጣለው። እሱም ተቆጣ፤ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። «በኋላማ ብናገር ማን ያምነኛል? እጮኛዋን ፈልጓት ሰውዬውን በአፉ ገደለው አይሉኝም? አንቺስ ራስሽ አትዪም? አራት ጊዜ ይፍቱኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። አራት ጊዜ በሩን ዘጉብኝ!»

«ጓዳ ውስጥ ነዋ የለመንሃቸው! በሰው ፊት ጠይቃቸው!»

«ባልቴት በአደባባይ ላዋርድ?»

«እኔስ?» አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ይህም አናደዳት። «እኔስ ሰው አይደለሁም? መዋረድ የሚያምርብኝ እኔ ነኝ? እጄን እየው፤ ሦስት ዓመት በሰም ተቃጥሏል። ለማን? ለአንድ ቀን ላየሁት ሰው! አንተ ደግሞ ዳር ቆመህ ታዝንልኛለህ። ሐዘንህን አልፈልገውም!»

ሣህሉ እጇን ለመያዝ እጁን ዘረጋ። ገፈተረችው።

«ስማኝ። ልደት ጠዋት ጧፉን እኔው ራሴ ይዤ እቆማለሁ። ዝም ካልህ በሕያው ስም ይገባል። ከርሞም ይገባል። ከሙት ጋር እያረጀሁ ታየኛለህ። በእልኬ አደርገዋለሁ፤ አታውቀኝም?»

ያውቃታል። ለዚህም ነው ፊቱ አመድ የመሰለው።

አደይ ቤቷ ገብታ ያንን ጧፍ ሠራች፤ ግን እንዴት ያለ ጧፍ! ሰባት ክር አንድ ላይ ገምዳ፣ በቀለጠው ሰም ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችው፤ ሲረጋ ጣውላ ላይ በመዳፏ አንከባለለችው፤ እንደገና ነከረችው። ሌላ ጊዜ አራቴ የምትነክረውን ዘጠኝ ጊዜ ነከረች። በእያንዳንዱ ማንከባለል ጣውላው ይንቋቋል። ከዚያ ለጌጡ ክር ማቅለም ነበረባት። ከሣጥኗ ለሠርጓ ሞቃ እጇን ልታቀላበት የተቀመጠውን እንሶስላ አወጣችና አንድም ሳታስቀር እሳት ላይ ጣደችው።

እማማ ወለተ ኪዳን ከማዶ ተቀምጠው ያያሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም።

«እሱን እኮ ለሠርግሽ ነው ያስቀመጥነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ለየቱ ሠርጌ?»

እንሶስላው ፈላ። አደይ ክሩን ነከረች፣ አወጣች፣ ጨመቀች፤ እጇ እስከ አንጓዋ ቀላ።

«እናት ብትሆኚ ታውቂው ነበር» አሉ እማማ።

«እናት እንዳልሆን እኮ ነው ያደረጉኝ!»

አሮጊቷ ጎበጡ። «አንቺ ጠዋት ጠዋት ማድጋውን አዝለሽ ስትገቢ፣ የልጄ ቤት አልተዘጋም እላለሁ። ሞተ ካልሁ አንቺም ትሄጃለሽ። ማን ይቀረኛል? ይሄው ጎጆዬንም ጣሊያን ወሰደው።»

አደይ ቀዩን ክር በጧፉ ላይ ከግራም ከቀኝም ጠመጠመችው፤ ክሮቹ በተገናኙበት ሁሉ ትንሽ መስቀል ሆነ፤ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ከሰሙ ጋር አጣበቀችው። እንዳይታጠፍ ረጅም ሸንበቆ ላይ አሰረችው። ከንዴቷ የተነሣ እንዲህ ያለ ያማረ ጧፍ በዘመኗ ሠርታ አታውቅም።

የልደት ዕለት ጠዋት ቅዳሴው ወጥቶ፣ ቤዛ ኩሉ ተዘምሮ ሲያልቅ፣ ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ብቅ ብላ ነበር። ሰዉ ነጭ ለብሶ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶታል። ደጁ ላይ ሁለት ሶላቶ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ያዛጋሉ። ስለት ያለበት ሁሉ ተሰልፎ፣ ቄሰ ገበዙ አባ ወልደ ሐዋርያት እየጠየቁ ይቀበላሉ። አደይ ሸንበቆውን ይዛ፣ እማማ ወለተ ኪዳንም አጠገቧ ቆመው፣ ተራቸው ደረሰ።

«ግሩም ጧፍ ነው! ለማን ነው? በሕይወት ላለ ነው ወይስ ለነፍስ?» አሉ አባ ወልደ ሐዋርያት።

አደይ ሰዉን አየች። ሣህሉ የለም። ፈሪ! አለች በሆዷ። እማማ አፋቸውን ከፈቱ።

«በሕይወ…»

«ይቆዩ አባቴ!»

ሣህሉ ከወንዶቹ መካከል ሰው እየገፋ ወጣ። ጋቢውን አደግድጎ እማማ እግር ሥር ተንበረከከ። «እማማ ወለተ ኪዳን፣ ያስማሉኝን መሐላ በሰው ፊት ይፍቱልኝ» አለ።

ሰዉ ተንጫጫ። «ይሄ ባለ ታንኳ ምን ሆነ?» አለ አንዱ። «ልጅቷን እንደከጀላት ማን ያጣዋል!» አለ ሌላው። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱና ሁሉም ዝም አለ።

እማማ ወለተ ኪዳን ሣህሉን በጥፊ አጮሉት። ድምፁ እስከ ደጁ ተሰማ፤ ሶላቶዎቹ እንኳን ዞር አሉ።

«ይፍቱልኝ» አለ ሣህሉ፤ አልተነሣም።

ደግመው እጃቸውን አነሡ።

«ይምቱት» አለች አደይ። «እኔም ሳልመታው ቀርቼ ነው፤ ይበለው። ግን ይፍቱት እማማ። እኔንም ይፍቱኝ።»

የተነሣው እጅ አየር ላይ ቀረ። እማማ አደይን አዩ። ከዚያ ጧፉን አዩ፤ ጎናቸው ቆሞ፣ ሰም ሰም እየሸተተ፣ ልጃቸውን አክሎ። እጃቸው ወረደና የጧፉን አናት ዳሰሰ፤ ልክ የአንድ ጎረምሳ ራስ የሚዳሰስበት ቦታ ላይ ነበር።

«ፈታሁህ» አሉ። ከዚያም ድምፃቸው ጠነከረ። «በል ተናገር። ከመጀመሪያው ጀምረህ ተናገር። ያን ጊዜ አላስጨረስሁህም፤ እኔም አልሰማሁትም።»

ሣህሉ እንደተንበረከከ ተናገረ። ከሽሬ ሲያፈገፍጉ፣ ተከዜን ሲሻገሩ አይሮፕላን እንደመጣ። ሀብተ ሥላሴ ተሻግሮ ሲያበቃ፣ ውሃው የወሰደውን አንድ ቁስለኛ ሊያወጣ እንደተመለሰ። ቦምቡ እዚያው እንዳገኘው። «ብዙ አልተሠቃየም። እናቴን ብሎ ጠራ። ከወንዙ ፈቀቅ አድርጌ ቀበርሁት። ሌላ መለኪያ አልነበረኝም፤ ጉድጓዱን በራሴ ቁመት ቆፈርሁት። አራት ጣት ተረፈ።»

እማማ ወለተ ኪዳን ያን ጊዜ ጮኹ። ሦስት ዓመት የታፈነ ጩኸት ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተቀበሏቸው። በልደት ቀን በቤተ ክርስቲያን ግቢ መርዶ ተሰምቶ አይታወቅም፤ ማንም ግን ዝም በሉ አላለም። አባ ወልደ ሐዋርያት ጧፉን ከአደይ እጅ ተቀበሉ። «ለነፍስ» አሉ፤ የክርስትና ስሙንም ጠይቀው ይዘውት ገቡ።

አደይም አለቀሰች። ላላወቀችው ልጅ ነው ያለቀሰችው፤ ሰው ሊያወጣ ተመልሶ ለሞተው። ያን ቦምብ የጣሉት ሰዎች ወንድሞች ደግሞ ደጁ ላይ ቆመው እያዛጉ ነው! ድንጋይ አንሥታ ነበር፤ አባቷ ናቸው እጇን ይዘው ያስጣሏት። «ልጄ፣ ቃሌ አብቅቷል» አሏት በጆሮዋ። «ነጻ ነሽ።»

ሰዉ እማማን ደግፎ ወደ መሪጌታ ግቢ ሲሄድ፣ አደይ ወደ ኋላ ቀረች። ሣህሉ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ግራ ጉንጩ ላይ የአምስት ጣት ምልክት አለ።

«ጉንጭህ አብጧል» አለችው።

«እጃቸው ከባድ ነው።»

«አበጁ!»

ሣህሉ አንዴ ቀና አለ፣ አንዴ መሬት አየ። «ተቆጥተሽኛል» አለ።

«መች ጀመርሁና!»

«እንግዲያው ጓዜን ይዤ ቆላ ድባ ልግባ። ዓይንሽ እንዳያየኝ።»

«ደግሞ ልትሸሽ?» አፍንጫዋ እንደገና ቀላ። «ሌላ ጧፍ እንድጠቀልል አማረህ? ሂድ አላልሁህም። ከዛሬ ጀምሮ አርባ ቀን ይለፍ፤ ልጃቸውን በወጉ ያልቅሱ። ደግሞ ዕወቅ፣ እማማን ብቻቸውን አልጥላቸውም፤ የምገባበት ቤት ይገባሉ። በጥፊ ለሚመታህ ሰው ማድጋ ልታወርድ ትችላለህ?»

ሣህሉ የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። «እችላለሁ» አለ።

«አርባው ሲያልፍ ሽማግሌ ላክ። ያኔም ተቆጥቼ ነው የምታገኘኝ።»

«ተቆጥተሽ ከሆነ ታዲያ ምን ብዬ ነው የምልከው?»

«ላክ አልሁህ እኮ!»